መቶ በመቶ የኔ ጥፋት

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። መኪናው ውስጥ።

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፤ ይህን ጽሑፍ ነገ ራሴም አነበው እንደሆነ እንጃ። ሰው አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ።

ቆሜ ነበር። በኋላ እንዳይምታታብኝ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ራውዳ ሰፈር፣ ላውንደሪው ፊት ለፊት ያለው መብራት ቀይ ነበር፤ እኔም ፍሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ያለችው የውኃ ማመላለሻ መኪና መስመሩን አልፋ ነው የቆመችው። ሹፌሩ የመብራቱን ካሜራ ሲያይ ደነገጠና የኋላ ማርሽ አስገባ። ክላክስ ላደርግ እጄን ሳነሳ ደረሰብኝ። የፊት ፓራውልት ወልቋል፣ የግራው መብራት ተሰብሯል።

የትራፊክ አደጋ መርማሪው መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄዷል። ወረቀቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ማዳምን ከሥራ የማመጣበት ሰዓት ደርሷል። ማታ እጽፈዋለሁ።

ያው ቀን፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ።

አብራኝ የምታድረው ትዝታ ወጥ ቤት ናት፤ ክፍሉ ለጊዜው የኔ ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

የውኃው መኪና ሹፌር ሲወርድ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «እህቴ በአላህ፣ እህቴ በአላህ» ይለኝ ጀመር። ረድዋን ይባላል። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ አነጋገሩ እንደ እኛው ነው። ባለፈው ረመዳን የሰው አጥር ገጭቷል። ከፊሉ፣ እዚህ አረብ አገር ያስመጣው አሠሪው፣ «አንድ ጊዜ ደግሞ ብትገጭ ኸሩጅ ኒሃኢ ነው፣ ማኅተም አስመትቼ አገርህ እልክሃለሁ» ብሎታል። «ያንቺ የቤት መኪና ነው» አለኝ፤ «ኢንሹራንሱ ሙሉ ነው፣ ማዳምሽም አትጨክንብሽም። እኔ ግን ኸላስ፣ አለቀልኝ።»

እዚህ ላይ የኔን ነገር ልጻፍ፤ ሌላ ሰው አይገባውም። አባቴ አበጋር ነው። በእኛ በወረባቦ ሰው ከሰው ሲጣላ፣ ደም ሲፋሰስም ጭምር፣ መሀል ገብቶ የሚያስታርቀው አበጋሩ ነው፤ እሱ ያለውን እምቢ የሚል የለም። ልጅ ሆኜ ሲያስታርቅ ከኋላው ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። «ሸክሙን የሚችል ይሸከም» ይላል። ለድኃው ካሳውን ሁሉ አይጭንበትም፣ ለሚችል ዘመዱ ያካፍለዋል። ይህን ልጅ ሳየው አባቴ ትዝ አለኝ። የምችለው እኔ ነኝ፣ ተሸከምኩ።

መርማሪው ጥንቁቅ ሰው ነው፣ ልወቅሰው አልችልም። «ምን ሆነ?» አለኝ። «ፍሬን ዘግይቼ ይዤ ገጨሁት» አልኩት። «እሱ ወደ ኋላ አልመጣም?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። «አልመጣም።» ለሦስተኛ ጊዜ አየኝና ጻፈ። እኔ መቶ በመቶ ጥፋተኛ፣ ረድዋን ዜሮ። ስልኬ ላይ «እቀበላለሁ» የሚለውን ተጫንኩ። ረድዋን መሬት ሊስም ምንም አልቀረውም።

ማዳም ጀዋሂር አልተቆጣችኝም። ከፊሌ እሷ ራሷ ናት፤ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። «ሰው ደህና ነው? ኸላስ» ብቻ ነው ያለችው። ወንድሟ ባንዳር ግን ሳሎን ተቀምጦ ሲናገር ሻይ ይዤ በሩ ላይ ደረስኩ። «ሴት ሹፌር ይቅርብሽ ብዬሽ ነበር። ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረችን ልጅ መሪ አስጨበጥሽ» ይላታል። ማዳም «ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ጭረት አላመጣችም» አለችው።

እውነቱን ነው፣ ሦስት ዓመት ሽንኩርት ከትፌአለሁ። ከዚያ ነው ማዳም የሴቶች መንጃ ትምህርት ቤት ያስገባችኝ። መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁ ቀን ለአባቴ ፎቶ ልኬለት ለመንደሩ ሁሉ አሳየ። ይህን ቁልፍ ከነጠቁኝ የምመለሰው ወደ ድስቱ ነው።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ። ጋራዥ።

ቅጣቱ በስልክ መጣ። «በቂ ርቀት ባለመጠበቅ።» መልእክቱ የመጣበት መተግበሪያ ስሙ አብሽር ነው። በእኛ አገር አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ የሚባለው ያዘነ ሰው ነው፤ እንግዲህ አብሽሬ ተቀመጥኩ።

ከሥር «መቃወም የሚቻለው በሠላሳ ቀን ውስጥ ነው» ይላል። እስከ ኅዳር 12 መሆኑ ነው። ለምን እንደቆጠርኩት አላውቅም። አልቃወምም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ።

ረድዋን ደወለ። «እህቴ፣ እናቴ ዱዓ እያደረገችልሽ ነው» አለኝ። ሳቁ ደስ ይላል። የውኃ ጋሎን አሸክመው አራተኛ ፎቅ ድረስ ስለሚያስወጡት ሰዎች አወራኝ፤ ሊፍት እያለ በደረጃ ነው የሚሰዱት።

ስልኩን ስዘጋ ትዝታ ድስት እያማሰለች ታየኛለች። ትዝታ የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ምላሷ የተሳለ። ነገሩን ሁሉ የምታውቅ ይመስላታል፤ የነገርኳት ግን ግማሹን ነው፤ «አዝኜለት አልተከራከርኩትም» ብቻ ነው ያልኳት።

«ሲደውል ሻሽሽን ለምን ታስተካክያለሽ? በስልክ አያይሽ።»

«ሞቆኝ ነው» አልኳት።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ሞቆኝ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ማን የማይሞቀው አለ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ። ወጥ ቤት።

መኪናው እስኪሠራ ትዝታን አግዢ ተባልኩ። ሽንኩርት። እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፤ የሽንኩርቱ ነው።

ማዳም ለጓደኛዋ በስልክ ስትናገር ሰማሁ። «ዘቢባ አንድ ቃል አልተከራከረችም፤ ገጨሁ ብላ እቅጩን ነገረችኝ። ወንድ ቢሆን እስከ ዛሬ ይምል ነበር። እኔ ለሷ የምከፍላት ለመንዳቷ አይደለም፣ ለታማኝነቷ ነው።»

ይህን ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ።

መኪናው ተሠርቶ መጣ። ቁልፉ ግን ባንዳር ኪስ ውስጥ ነው። ማዳም «ጥቂት ቀን ይለፍ» አለችኝ፤ ዓይኔን ሳታየኝ።

ለረድዋን ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳም። ሥራ በዝቶበት ይሆናል። ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ ሰው ውኃ ይፈልጋል።

ወደ ላውንደሪው ልብስ ስወስድ የረድዋንን መኪና ቆሞ አየሁት። የኋላው ፓራውልት አዲስ ሆኗል። አዲስ ብቻ አይደለም፣ እኔ ያልነካሁት የቆየ ጭርምቱ ሁሉ ተደፍድፎ ቀለም ተቀብቷል። በኔ ጥፋት መሠራቱ ነው። ደስ አለኝ። ለምን ይዋሻል፣ ደስ አላለኝም። እሱ የለም፣ ፎቅ ላይ ወጥቷል አሉኝ። ጥቂት ጠብቄው ተመለስኩ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ።

ባንዳር ሹፌር አመጣ። ሰሚር የሚባል ሱዳናዊ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት። «ለጊዜው ነው» አለች ማዳም። ሰሚር ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ነው። ሁለት ዓመት በኔ ቁመት የነበረ ወንበር ነው። መስተዋቱን አዞረው። ልጠላው ፈለግኩ፣ ሰላምታው እንኳ ለመጥላት የማይመች ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ በአደጋው ቀን የተነሣውን ፎቶ አሳዪኝ አለኝ፤ ጋራዡ በደንብ ሠርቶት እንደሆነ ሊያይ። አየው አየውና «ፍሬን ዘግይቼ ያዝኩ ነው ያልሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ፍሬን ይዞ የሚገጭ መኪና አፍንጫው ይደፋል፣ ከሥር ነው የሚገባው። ኮፈኑ መጎዳት ነበረበት። ይሄ ፓራውልቱ ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያረፈው። የቆመ መኪና ነው እንዲህ የሚመታ።»

እሱም ፎቶውን መለሰልኝና መስተዋት ወደ መወልወሉ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ነድቷል፤ ምን ይደበቅበታል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ።

ዘጠኝ ቀን ቀረ።

ባንዳር ለማዳም፣ ኮሪደር ላይ፦ «የመኖሪያ ኢቃማዋ ከስድስት ወር በኋላ ያልቃል። አታድሺላት። አዲስ ሠራተኛ ብታመጪ ይሻልሻል።» ማዳም መልስ አልሰጠችውም። ሌላ ጊዜ ትመልስለት ነበር።

ኸሩጅ የፈራው ረድዋን ነበር። አሁን ወደ እኔ መጣ። ለአባቴ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አንድ ታናሽ ወንድሜ የሚማረው በኔ ነው፣ ሌላው ደግሞ እንዳይሰደድ የያዝኩት እኔ ነኝ። ምግብ አይወርድልኝም። ትዝታ «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንቺ ምነው ከበደ?» አለችኝ። ከየት እንዳወቀች እንጃ። ሳልነግራት ያወቀች ይመስለኛል።

ለረድዋን ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቀረ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ። ማታ።

ዛሬ የሆነውን ሳላስተካክል እጽፈዋለሁ።

የባንዳርን ልብስ ይዤ ላውንደሪ ሄድኩ። ላውንደሪውን የሚሠራው ጋሽ ኢድሪስ ነው፤ የባቲ ሰው፣ ሃያ ዓመት ካውያ ይዞ የሸበተ፤ በሰፈሩ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሲቸግረው ወደ እሱ ነው የሚሄደው። «ምነው ከሳሽ?» ሲለኝ አፌ ተከፈተ። ለሰው ሙሉውን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ካውያውን አስቀምጦ ሰማኝ።

«ረድዋን ለኔም ውኃ ያመጣል» አለ። «ከዓስር ሶላት በኋላ ይመጣል። ቁጭ በይ።»

መጣ። ጋሎን በትከሻው አድርጎ ገባ፣ አየኝ፣ ሰላምታ እንደ መስጠት አለና ጋሎኑን አወረደ።

«ረድዋን ወንድሜ» አለው ጋሽ ኢድሪስ ቀስ ብሎ፤ «ያን ቀን እዚህ መብራቱ ላይ ምን ነበር የሆነው?»

«ከኋላ ገጨችኝ።»

«አንተ ወደ ኋላ አልመጣህም?»

«ጋሽ ኢድሪስ፣ ወረቀት አለ አይደል? ወረቀቱ ይናገራል። እሷው ናት የተቀበለችው።»

«እሺ። ወላሂ በልና እንተወው።»

ረድዋን ጋሎኑን ይመለከታል። ከዚያ «ሰው በየመንገዱ ወላሂ እያለ አይኖርም። ሥራ አለብኝ፣ ያላ» ብሎ ወጣ። ባዶዎቹን ጋሎኖች እንኳ ረስቶ ነው የሄደው።

«እሷ» አለኝ። ያን ቀን «እህቴ» ነበርኩ።

በጣም ተናደድኩ። በእሱ መናደዴን ጋሽ ኢድሪስ ፊት ተናገርኩ፤ እንደ እብድ። ወረቀቱ ይናገራል ይላል፤ የተናገረው ግን የኔ አፍ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ጋሽ ኢድሪስ አስጨርሶኝ በሩ ላይ ያለውን ካሜራ አሳየኝ። መንገዱን ያያል። የተቀረጸው ወር ያህል ቆይቶ በራሱ ይጠፋል አለ። «ባለሱቁን ላስፈቅድ» አለኝ፤ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።» ወር ሊሞላው ስድስት ቀን ነው የቀረው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ።

አባቴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ሦስት ጊዜ ተቋርጦ ሦስት ጊዜ ቀጠልኩ።

«ሸክሙን የሚችል ይሸከም ትል የለም?» አልኩት።

«እላለሁ። መቼ ነው የምለው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«መጀመሪያ ያጠፋው ተነስቶ በሰው ፊት አጥፍቻለሁ ይላል» አለኝ። «እሱ ሳይወጣ ሽማግሌ አፉን አይከፍትም። ሸክም የሚከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀመርሽ። ደግሞስ የተገጨሽው አንቺ፣ የፈረድሽው አንቺ። ማን ሽማግሌ አድርጎ ቀባሽ?»

ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። ያንን ሁሉ ዓመት ከኋላው ቁጭ ብዬ ስሰማ መጨረሻውን ብቻ ነው የያዝኩት። ጥሩው መጨረሻው ላይ ስለሆነ መሆን አለበት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። የላውንደሪው ጓዳ።

አየሁት።

ድምፅ የለውም። መኪናዬ ቆማለች። የውኃው መኪና የኋላ ነጭ መብራት ይበራል፣ ይመጣል፣ ይመታኛል። ቆሜ ነበር። አራት ጊዜ አስደገምኩት። ወር ሙሉ ገጨሁ ስል ስል እኔም ተጠራጥሬ ነበር።

ግን ከዚያ በኋላ ያለው አለ። ጋሽ ኢድሪስ ሊያቆመው ሲል ተወው አልኩት። ረድዋን ወርዶ ጎንበስ ይላል፣ ይለምነኛል። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜአለሁ። ሻሼን አስተካክላለሁ። ከዚያ ራሴን ቀስ አድርጌ እነቀንቃለሁ፣ እንደ ትልቅ ሰው። አላፊ አግዳሚው እያየ።

ስልኬ ላይ ጫነልኝ። አራት ቀን ቀረ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ።

ለረድዋን በድምፅ ላክሁለት። «ምስሉ አለኝ። እስከ ነገ ዓስር ድረስ አንተው ለከፊልህ ንገር፣ እኔም መስክሬ እለምንልሃለሁ። ካልነገርክ እኔ እቃወማለሁ።» ሰባት ጊዜ ቀርጬ ሰባተኛውን ነው የላክሁት።

ወዲያው ደወለ። ለካ ስልክ ማንሣት ይችላል። አለቀሰ፤ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አልወድም። «እህቴ፣ ዐሥር ቀን ብቻ ታገሺኝ፣ በአላህ፣ ሁኔታውን ላመቻች» አለ።

እሺ ልለው አፌ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ገባኝ። ዐሥር ቀን ያለው የመቃወሚያው ሠላሳ ቀን እንዲያልፍ ቆጥሮ ነው። እሱም እንደኔ ሲቆጥር ነው የከረመው።

«ነገ ዓስር» አልኩት።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ።

ዓስር አለፈ። መግሪብ አለፈ። ምንም የለም።

የሐሰት ቃል ሰጥተሻል ብለው ቢይዙኝስ? የረድዋንን እናት ዱዓ ወደ እርግማን ብቀይረውስ? ማዳም ሳሎን ብቻዋን ናት። ትዝታ ከወጥ ቤት በእጇ ገፋችኝ። ገባሁ።

በኋላ። ማዳም ስልኬን ይዛ ሦስት ጊዜ አየችው። በመጀመሪያው ፊቷ በራ፤ «ቆመሽ ነበር» አለች፤ ለባንዳር ልትደውል ስልኳን አነሣች። በሁለተኛው ስልኳን አስቀመጠች። በሦስተኛው እኔ ራሴን የምነቀንቅበት ላይ አቆመችው።

«ይሄ ምን ስትይው ነው?»

«እሺ ስለው ነው።»

ስልኬን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

«አንድ ወር ሙሉ ለወንድሜ ዘቢባ አትዋሽም ስል፣ አንቺ ሻይ ይዘሽ ትገቢ ነበር» አለች። «መግጨትሽን በዚያው ቀን ይቅር ብዬሽ ነበር። አለመግጨትሽን እንዴት ይቅር እንደምል አላውቅም።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ።

ማዳም ራሷ ተቃውሞውን አስገባች፤ መኪናው በስሟ ነው። «ሠራተኛዬ በድንጋጤ ምክንያት የተሳሳተ ቃል ሰጥታለች» ብላ ጻፈች። ይህን የጻፈችው በሐሰት ቃል እንዳልጠየቅ ብላ ነው፣ ለኔ። ምስሉ ተያይዟል። አንድ ቀን ሲቀረው ገባ።

አልደነገጥኩም ነበር። ልነግራት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ረድዋን ተሣፍሮ ሲሄድ ይታየኛል። ሻንጣ ይዞ፣ ኤርፖርት። ዓይኔን ስከድን እሱ ነው። ስገልጥ ደግሞ ሽንኩርት።

ኅዳር 15፣ ሰኞ።

መልስ የለም።

ኅዳር 19፣ ዓርብ።

መልስ የለም። ጋሽ ኢድሪስ ረድዋን ከሰኞ ጀምሮ አልመጣም፣ ውኃ ሌላ ሰው ነው ያመጣው አለኝ። የላውንደሪው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጁን አስባረርኩት። እሱ ዋሽቶኛል፣ ግን ማን አስዋሸው? መንገዱን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ለአባቴ አልደወልኩም።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ።

መጣ። ቅጣቱ ተሰርዟል። የጥፋቱ ወረቀትም ተስተካክሏል፦ እኔ ዜሮ፣ የውኃው መኪና መቶ በመቶ። ትዝታ እልልታዋን በፎጣ አፍና አወጣችው። ሰሚር ከውጭ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ማታ ደግሞ ከረድዋን የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ቃል በቃል ልጻፈው።

«እህቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ወረቀቱ ደርሶናል። ከፊሌ ተሳደበ ተሳደበ፣ ከሥራም ትንሽ ቀን አስቀመጠኝ፣ ኸላስ፣ አለፈ። ለካ መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው፣ እኔ አላውቅም ነበር። ኸሩጅ የሚባል ነገር አላነሳም። ነገ ሥራ እገባለሁ፣ ኢንሻአላህ። እና አታስቢ፤ እኔ አልተቀየምኩሽም።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ መጀመሪያ። ከልቤ ነው ያልኩት። ደግሜ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። አልተቀየምኩሽም ይለኛል። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ሠላሳ ቀን፣ ከፊሉን አንድ ጊዜ ጠይቆት ቢሆን ኖሮ የሚያልቅ ነገር ነበር። እኔም ያን ቀን መንገድ ዳር አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ። አልጠየቅሁም። ፍርዱን ለመስጠት ቸኩዬ ነበር።

ኅዳር 29፣ ሰኞ።

ባንዳር መጣ። ስሙን በመጥፎ ስጽፍ ስለከረምኩ ይህንንም ልጻፍለት። ወረቀቱን አነበበና ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «ዜሮ ከሆነ ዜሮ ነው» አለ። «ቆማ ነበር። መንዳት ትችላለች፤ ተሳስቼ ነበር። ሰሚርን ወደ ራሴ ቤት እወስደዋለሁ፣ ልጅቷ ሥራዋን ትቀጥል።»

ማዳም ቁልፉን አላነሣችውም። «መንዳቷን መቼ ተጠራጠርኩ» አለች።

ባንዳር ሲወጣ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ለሷ ካልነገርኩ ለማንም አልነግርም ብዬ ጀመርኩ።

«ማዳም፣ ያን ቀን አልደነገጥኩም» አልኳት። «አዘንኩለት ብዬ ለራሴ ስናገር ቆይቻለሁ። አዝኜለታለሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ደስ ብሎኝም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር እሺ ማዳም፣ እሺ ሰይዲ ስል ቆይቼ፣ ያን ቀን አንድ ወንድ ልጅ ፊቴ ጎንበስ ብሎ ዕጣውን በእጄ አስቀመጠው። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። የአባቴ ልጅ። በዚያ ጊዜ አንቺ ትዝ አላልሽኝም። መኪናው ያንቺ፣ ስሙ ያንቺ፣ የሚያፍረው ፊት ያንቺ እንደሆነ አላሰብኩም።»

ማዳም አየችኝ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ዓይኔን ያየችኝ ዛሬ ነው።

«ይሄ እውነት ነው» አለች።

«አዎ።»

«ኢቃማሽን አድስልሻለሁ። ወደ አገርሽ አልልክሽም።»

አለቀስኩ። እጇን ልስም ጎንበስ ስል እጇን ሰበሰበች። ከዚያ ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ሰሚርን ጠርታ ሰጠችው። ነገ የሳምንቱን ዕቃ ለመግዛት ሱለይማኒያ እንሄዳለን፤ ዝርዝሩን ጽፌአለሁ። ሰሚር ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።